የቤተሰብ ፎቶ ስንነሳ እናት የት ናት?

(ከማኅበራችን የቤተሰብ ፎቶ ቀን አስቀድሞ ነገሌ ቦረና በተካሄደው ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት ነባር አባላችን ያደረጉት ንግግር ነው። ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



ሰብሳቢያችን «እትዬ፣ እርስዎ ፎቶ ቤት የኖሩ ሰው ነዎት፤ ለቅዳሜው ፎቶ እንዴት እንደምንዘጋጅ ይንገሩን» ስትለኝ ቀላል ነገር መስሎኝ እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጉዳዩ የልብስና የማበጠሪያ ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ። ስለዚህ በመጀመሪያ ለምን እንደምንነሳ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደምንዘጋጅ፣ በመጨረሻም ፎቶው እጃችን ከገባ በኋላ ምን እንደምናደርግ እናገራለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፎቶ አንሺ ነበር። እዚሁ ከተማ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር የምንሠራው። ከኋላ ፏፏቴና አበባ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከፊት አንድ ወንበርና የላስቲክ አበባ። የእኔ ሥራ ከመጋረጃው ወዲያ ነበር። መስታወትና ማበጠሪያ እሰጣለሁ፣ አንገትጌ አቃናለሁ፣ ለሁሉም የምትዳረሰውን አንዲት ኮትና ከረባት አለብሳለሁ። ከጦር ሰፈሩ የሚመጡ ወታደሮች ብዙ ነበሩ። ፎቶው ከታጠበ በኋላ በጀርባው «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ብለው ጽፈው ወደየአገራቸው ይልኩታል። ለእናት፣ ለሚስት፣ ለእጮኛ። እናትና ሚስት ግን መልሰው የራሳቸውን ፎቶ ሲልኩ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ወደ ፎቶ ቤታችን በችኮላ የሚመጣ ሌላም ደንበኛ ነበር። ሰው የሞተበት። ለቅሶ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። ሟቹ አባወራ ከሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ደህና ፎቶ አይጠፋም። ሟቿ እናት ከሆነች ግን የሚያመጡልን ከሰው ሠርግ ላይ የተነሳ የቡድን ፎቶ ነው። «ከኋላ በኩል ያለችው ናት፤ እሷን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡልን» ይሉናል። ቆርጠን እናወጣለን። ትከሻዋ ላይ ግን የሌላ ሴት እጅ ይቀራል። እንዲህ እየሆነች የተቀበረች እናት ስንቷ ናት!

የራሴ እናት ስትሞት የፎቶ አንሺ ሚስት ነበርኩ። ሣጥን ብንፈትሽ፣ አልበም ብናገላብጥ፣ አንድ ፎቶ የላትም። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። ባለቤቴ እሱን መልሶ አንስቶ ሲያሳድገው የቀበሌው ማኅተም ግማሽ ክብ ጉንጯ ላይ ወጣ። በዚያ ፎቶ አለቀስንላት። እስከ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ያለችው ከነማኅተሟ ነው።

ለምን እንደሌላት አውቃለሁ። ፎቶ በተነሳን ቁጥር እሷ «እኔን ምን ታደርጉኛላችሁ፣ ልጆቹን አንሷቸው» ትላለች። ቀሚስ ስታስተካክል፣ ንፍጥ ስትጠርግ፣ ሕፃን ስታስቅ፣ ከካሜራው ጎን ቆማ ትቀራለች። ከቀብሯ በኋላ የራሴን አልበም ከፈትኩ። አምስት ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ። ከአምስቱ ጋር አንድ ላይ የተነሳሁበት ፎቶ አንድም አላገኘሁም። እኔም እንደ እናቴ ከጎን ቆሜ ኖሬያለሁ።

እህቶቼ፣ ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ፎቶግራፍ በአገራችን በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ ነበረው። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ሙያውንም ልጆቻቸው ወርሰውታል። በየግድግዳችን ላይ የንጉሥ ፎቶ ከእናታችን ፎቶ ቀድሞ ተሰቅሏል። የከተማችን ታሪክም እንደዚያው ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚህ ነገሌ የነበረው ጦር ምግቡና ውሃው ከፋ ብሎ አመፀ፤ ሊያነጋግሩት የመጡትን ጄኔራልም ይዞ ያንኑ ምግብና ውሃ አቀመሳቸው። ይህ በታሪክ ተጽፏል። በዚያው ጊዜ በዚሁ ከተማ ውሃ ይቀዱ፣ እንጀራ ይጋግሩ፣ የወታደር ልብስ ያጥቡ የነበሩትን ሴቶች ስም የጻፈ መጽሐፍ ግን እኔ አላየሁም።

«እኛን ማንም ፎቶ አንስቶን አያውቅም» ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ተነስተናል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስለቅሷል። እርዳታም አምጥቷል፤ ብዙ ነፍስ ተርፎበታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ዓለም ያያቸው እናቶች ለተመልካቹ ስም አልነበራቸውም። በእኛም ቆላ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የጋናውም የሐጋያውም ዝናብ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር ካሜራ የያዘ ሰው በየመንደሩ መጥቷል። ከባዶ ጄሪካን ጋር ተነስተናል። ከሞተ ከብት አጠገብ ተነስተናል። የእህል ተራ ስንጠብቅ ተነስተናል። ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱ ቤቷ ያለ እጇን ታውጣ።

(እዚህ ላይ አንድም እጅ አልወጣም።)

የቅዳሜው ፎቶ ከዚያ የሚለየው በዚህ ነው። ቀኑን የመረጥነው እኛ ነን። ማን እንደሚገባበት፣ ምን እንደሚለበስ፣ የት እንደሚሰቀል የምንወስነው እኛ ነን። ስለዚህ ባለቤት እንደሚያደርገው እንዘጋጅ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልግባ።

አንደኛ፣ ማን ማን ይነሳል የሚለውን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ቅዳሜ ጧት በር ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ ፊት ያጠቁራል፤ የጠቆረው ፊትም ፎቶው ላይ ይቀራል። አብሮ የሚበላ ሁሉ ቤተሰብ ነው። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል አማርኛ ያገኘው ከኦሮሞ ወገኖቻችን ነው፤ ትርጉሙንም እኛ ቦረናና ጉጂ ምድር ላይ የምንኖር ሰዎች ለሌላው የምናስተምረው ነው። በጉዲፈቻ ያሳደጋችሁት ልጅ ዳር አይቁም፤ ከወለዳችኋቸው መካከል ይግባ። ጣውንት ያለባችሁ እህቶች፣ አብሮ መነሳት ከከበዳችሁ እያንዳንዳችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ለየብቻ ተነሱ። ተራ ለሁላችሁም ተይዟል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃችሁም።

የሌለ ሰውም ይታሰብ። ልጁ ዓረብ አገር ያለ፣ ባሏ ግዳጅ ላይ ያለ፣ በሞያሌ በኩል ተሻግሮ ኬንያ የቀረ ወንድም ያላት ብዙ ናት። «እሱ ሲመጣ እንነሳለን» እያልን ስንት ዓመት አለፈ? ያለነው እንነሳ። የሌለውን ሰው ፎቶ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አንዱ ልጅ ደረቱ ላይ ይያዘው። የሞተንም እንዲሁ። ሲመጣ ደግሞ እንደገና መነሳት ነው፤ ማን ይከለክለናል?

መነሳት የማትፈልግ ካለች አትገደድም። በሃይማኖቷ ምክንያት ይሁን፣ ፊቷ እንዲታወቅ የማትፈልግበት የራሷ ምክንያት ይኑር፣ መናገር አይጠበቅባትም። እጇን ብቻ፣ ወይም ልጆቿን ብቻ ማስነሳት ከፈለገችም ትችላለች። ፎቶ አንሺው ፎቶውን የሚሰጠው ለራሳችን ብቻ ነው። በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም የማንንም ቤተሰብ ፎቶ ያለፈቃዷ የምታወጣ አባል እንዳትኖር አደራ እላለሁ። ከሚመታት ባል ሸሽታ እዚህ የምትኖር እህት በመካከላችን ልትኖር ትችላለች። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለእሷ አድራሻ ይሆንባታል።

ሁለተኛ፣ ልብስ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «ከብቱ አልቆ፣ ምን ለብሼ ነው ፎቶ የምነሳው?» አለችኝ። ጥያቄዋ አንጀቴን በላኝ። መልሴን እዚህ ሁላችሁም ስሙት። ለፎቶ ተብሎ ልብስ አይገዛም። ለልብስ ተብሎ ከማኅበሩ ብድር አይወሰድም፣ የእቁብ ገንዘብ አይነካም። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ያላችሁን እጠቡ፣ የተቀደደውን ስፉ፣ ካውያ ካለ ተኩሱት፤ ይበቃል። ሐበሻ ቀሚስ ያላት ትልበስ፣ ጨሌ ያላት ጨሌዋን ታድርግ፣ የሶማሌ እህቶቻችን ሰፊ ቀሚሳቸውንና ሻሻቸውን ይልበሱ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልበስ የለበትም። የድርጅት ስም የተጻፈበትን ቲሸርት ግን ለቅዳሜ ተዉት፤ ዓይን ፊታችሁን ትቶ ጽሑፉን ያነባል።

ነጭ የምትለብሱ አንድ ነገር እወቁ። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጠቁራል። ነጠላው አምሮ ይወጣል፤ ፊታችን ግን ይጨልማል። ብዙ ሰው «ፎቶ አይወጣልኝም» የሚለው ከመልኩ ሳይሆን ከዚህ የተነሳ ነው። ፎቶ አንሺውን «ብርሃኑን በፊታችን ለካ» በሉት፤ ያውቀዋል። በስልክ የሚያነሳ ከሆነም ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ይንካው፤ ይፈካል።

ፀጉር ሐሙስ ወይም ዓርብ ይሠራ። ሹሩባ በተሠራ ዕለት ግንባር ይወጥራል፤ አንድ ቀን ሲያድር ይለሰልሳል። ቅቤ የምትቀቡም ግንባራችሁ ላይ የወረደውን ጥረጉት፤ አለበለዚያ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል።

ሦስተኛ፣ ሰዓትና ቦታ። እኛ ከምድር ወገብ ሩቅ አይደለንም፤ ወደ ሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነን። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ የተነሳ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ፣ ከአፍንጫው ሥር ጥላ ይሆናል። እኛ የምንጀምረው ጧት 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እናቆማለን። ያልደረሳት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ቅዳሜን የመረጥነውም ዓርብ መስጊድ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ነው።

ብዙዎቻችሁ «ከግራሩ ሥር እንነሳ» ብላችሁ ነበር። ግራር ያምራል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በቅጠሉ መካከል እየሾለከ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ጥላ ውስጥ ብንቆም ለሁላችንም እኩል ብርሃን ይደርሰናል። ከመሬቱ የሚነሳው ቀይ አቧራ እንዳያስቸግር አስቀድመን ውሃ እንረጫለን፤ ምንጣፍም እናነጥፋለን። ለዚህ የሚሆን ሁለት ሰሌን የምታመጣ ሰው እፈልጋለሁ።

አራተኛ፣ ሕፃናትና አረጋውያን። ሕፃን የያዙ ቅድሚያ ያገኛሉ። ልጅ ሳይራብና ሳይተኛበት ይምጣ፤ ንጹሕ ልብሱን እዚህ ደርሶ ይልበስ። አልስቅ ካለ አትቆጡት፤ የተኮሳተረ ልጅም የራሳችሁ ልጅ ነው፤ ሲያድግ ይስቅበታል። አረጋውያን ወንበር ይዘጋጅላቸዋል፤ ቆመው ተራ አይጠብቁም። መነጽር የሚያደርጉ አያውልቁ። ሰው ሁልጊዜ የሚያውቃቸው በመነጽራቸው ነው።

አምስተኛ፣ አቋቋም። ዛሬ የመጣሁበት ዋና ነገር ይሄ ነው። እናት ዳር አትቆምም። ከኋላ አትደበቅም። ሕፃን ይዛ ፊቷን በሕፃኑ ራስ አትከልልም። አያት ካሉ አያት መካከል ይቀመጡ፣ እናት ከጎናቸው። ነጠላ የሚያስተካክል፣ አፍንጫ የሚጠርግ ሌላ ሰው ይመደባል፤ የእያንዳንዷን ቤተሰብ ተራ ሲጠብቅ ያለ ጎረቤት ያግዛታል። እንደ ድሮው ትንፋሽ ይዞ መገተርም አያስፈልግም። ተጠጋጉ፤ እጃችሁ የልጃችሁ ትከሻ ላይ ይረፍ። ፎቶ አንሺው ሦስት አራት ጊዜ ያንሳ፤ ዓይኑን የጨፈነ አይጠፋም። ከመሄዳችሁ በፊት አሳየን በሉት።

ከፎቶው በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ይህ ነው። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ እጅ የገባ እንዳይመስላችሁ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ሁለት ፎቶ ያሳጥባል። ሲደርሳችሁ በጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የእያንዳንዱን ሰው ስም ጻፉ። ቀኑንና «ነገሌ ቦረና» ብላችሁ ቦታውንም ጨምሩ። መጻፍ የማትችሉ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። «ስሙን ማን ይረሳዋል» አትበሉ። በፎቶ ቤታችን የቀሩ፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቅ የስንቱ ሰው ፊት በካርቶን እንዳለ እኔ አውቃለሁ።

አንዱን ፎቶ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች። ሣጥን ውስጥ የምታስቀምጡም ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ የአገራችንን ምስጥ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛውን ግን ቤታችሁ አታስቀምጡት። አዶላ ወይም ያቤሎ ወይም ሐዋሳ ላለ ዘመድ ላኩት። ለምን? በ2010 ዓ.ም. በሞያሌም በጉጂና በጌዴኦም ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ልጁን አዝሎ ነው የወጣው፤ አልበም ያነሳ የለም። በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ሕፃናትን ቤተሰብ ለማፈላለግ የሕፃናቱን ፎቶ በየመጠለያው ማሳየት አስፈልጎ ነበር። ክፉውን ያርቅልን። ግን ፎቶ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ «ይህች ልጄ ናት» ማለት ሲያስፈልግ ምስክር ይሆናል።

የድሮ ፎቶ ያላችሁም ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ፎቶ አንሺው መልሶ ያነሳላችኋል። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ ይቀደዳል፤ ከነመስታወቱ አምጡት። በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። ወጣቶች የአዲስ አበባ ቤተሰቦችን የድሮ ፎቶዎች ከየአልበሙ ሰብስበው ያሳተሙት ነው። የነገሌ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የት ይገኛል ብትሉኝ፣ በእያንዳንዳችሁ ሣጥን ውስጥ ነው እላችኋለሁ።

ለረጂዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። ስለምታደርጉልን ሁሉ እናመሰግናለን፤ ፎቶ ለሪፖርት እንደሚያስፈልግም እንረዳለን። ኮንኮርድ የሚባለው የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ኅብረት በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል፤ የሚነሳው ሰው ክብሩ እንዲጠበቅ፣ ነገሩን ተረድቶ እንዲፈቅድ ይላል። የምንጠይቃችሁም ይህንኑ ነው። ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁን። ስማችንን፣ ከፈቀድን፣ ጻፉ። ከዚያ አንድ ቅጂ ላኩልን። ጄሪካን ይዘን ያነሳችሁንም ቢሆን ላኩልን፤ ያም የኖርንበት ዘመን ነው። የልጅ ልጆቻችን ያንን ከቅዳሜው ፎቶ አጠገብ አድርገው ይዩት።

ንግግሬን ልጨርስ። ልጆቼን «ቅዳሜ ኑ፣ እኔም እቀመጣለሁ» አልኳቸው። አራቱ ይመጣሉ። አምስተኛዋ ቤይሩት ናት፤ የላከችውን ትንሽ ፎቶ ታናሽ ወንድሟ ይይዘዋል። እንደ ልማዴ መስታወትና ማበጠሪያ ይዤ መጥቼ እናንተን አስተካክላለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን መስታወቱን አንዳችሁ ተቀበሉኝ።

ቅዳሜ ጧት 1 ሰዓት ተኩል፣ እንዳታረፍዱ።